በስንት ተቆረጠ? የደመወዝ ጋብቻና ዋስ ያጣው ዋጋ

ደመወዝ ሲባል ዛሬ ለሁላችንም ቀድሞ የሚታየን የወር መጨረሻ ነው፡፡ የባንክ ሰልፍ፣ የተቆረጠ ግብር፣ በር ላይ የሚጠብቅ የቤት ኪራይ፡፡ በቅድመ አያቶቻችን አፍ ግን «እገሊት በደመወዝ ገባች» ከተባለ ወሬው ስለ መሥሪያ ቤት አልነበረም፡፡ ስለ ትዳር ነው፡፡ በቁርጥ ክፍያ፣ ለቁርጥ ጊዜ፣ በሰው ፊት ተነጋግረው አብረው የሚኖሩበት ትዳር፡፡ ቃሉን ስንፈታው ደም እና ወዝ ይወጣዋል፡፡ የደምና የወዝ ዋጋ ማለት ነው፡፡ የቢሮ ጸሐፊ የወር ክፍያና ሴት ከወንድ ጋር ለማደር የተዋዋለችው ክፍያ አንድ ስም ይዘው መኖራቸው፣ እኛን የጉና ሥር ልጆችን ሁልጊዜ ያስገርመናል፡፡

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው አንድ የሰለቸን ክርክር ስላለ ነው፡፡ በአገራችን ገላን ስለ መሸጥ ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን ይሰለፋል፡፡ አንደኛው «ይህ ባህላችን አልነበረም፣ ከፈረንጅ የመጣ ነው» ይላል፡፡ ሌላኛው ደግሞ ደመወዝን ጠቅሶ «አያቶቻችን እኮ ሕግ አበጅተውለት ነበር፣ ሴቷም ተከብራ ትኖር ነበር» ይለናል፡፡ የመጀመሪያው ታሪክ አላነበበም፡፡ ሁለተኛው አንብቧል፣ ግን የወደደውን ብቻ ነው ያነበበው፡፡ ሁለቱም የዘለሉት ጥያቄ እኛን ያጓጓናል፤ ዋጋውን ማን ይጠራል? ሲጠራ ማን ይሰማል? ካልተከፈለስ ለማን ይጮኻል?

በአማራው ደጋ የታወቁት የጋብቻ ዓይነቶች ሦስት ነበሩ፡፡ ቁርባን የቤተ ክርስቲያን ነው፣ አይፈታም፣ ካህኑ የግድ ይገባበታል፡፡ ሌላው ሕዝብ ገና በወጣትነቱ እምብዛም አይደፍረውም፡፡ ሰማንያ የብዙኃኑ ትዳር ነው፡፡ በሽማግሌና በዋስ ይታሰራል፣ በሽማግሌና በዋስ ይፈታል፣ ሲፈታም አብረው ያፈሩት ይካፈላል፡፡ ስሙ እስከ ዛሬ አልሞተም፤ ትዳር ሲፈርስ «ሰማንያዋን ቀደደች» እንላለን፡፡ ሦስተኛው ደመወዝ ነው፡፡ በዚህኛው ሴቲቱ ከቤቱ ንብረት ድርሻ የላትም፡፡ ያላት የተቆረጠላት ብቻ ነው፡፡ ቤተ ክርስቲያን አትባርከውም፣ ተጋቢዎቹም አይቆርቡም፡፡ ይሁንና ጎረቤት ያውቀዋል፣ ዳኛም ያውቀዋል፡፡ ከዚህ ትዳር የተወለደ ልጅም ልጅ ነው፤ አባቱን ያውቃል፣ በአባቱ ይጠራል፡፡

ድርድሩ ላይ ትንሽ እንቆይ፡፡ የሚነገሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ግን እያንዳንዳቸው ክብደት አላቸው፡፡ መጀመሪያ ጊዜው፤ ለወር ነው? ለዓመት? ወይስ ክረምቱ እስኪወጣ? ቀጥሎ ክፍያው፤ በማርያ ቴሬዛ ብር ነው? በአሞሌ ጨው? ወይስ በእህል? አንዳንዴ ልብስም ይታከልበታል፡፡ ከዚያ ሥራው ይመጣል፡፡ መፍጨት፣ ውኃ መቅዳት፣ ወጥ መሥራት፣ ጠላ መጥመቅ፣ እና ሌሊቱ፡፡ ሌሊቱን ማንም በስሙ ጠርቶ አይደራደርበትም፡፡ ግን ሁሉም ያውቀዋል፣ ለዚህም ነው በጨዋ ቤት የምትጠራበት ሌላ ስም የወጣላት፤ የጭን ገረድ፡፡ ስሙ ጨካኝ ነው፡፡ ገረድ የሚለው ቃል ደመወዙን፣ ጭን የሚለው ቃል ሌሊቱን ይይዛሉ፣ ሚስት የሚለው ቃል ግን የትም የለም፡፡

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልን፡፡ ደመወዝ በባሕርዩ ከአገልግሎት በኋላ የሚከፈል ነገር ነው፡፡ ሴቲቱ ወሩን ወይም ዓመቱን ቀድማ ትሰጣለች፣ ሰውየው ኋላ ይከፍላል፡፡ ያልተከፈለ ጊዜዋን በእጇ ይዛ የምትቆይ እርሷ ናት ማለት ነው፡፡ እንዲህ ዓይነት ብድር በባዶ ሜዳ አይሰጥም፡፡ ለዚህ ነው ድርድሩ ምስክር የሚፈልገው፡፡ «በዚህ ያህል፣ እስከዚህ ቀን» የሚለውን የሰሙ ሰዎች ካሉ፣ ሰውየው አልከፍልም ቢል ጉዳዩ የሁለቱ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የሰሚዎቹም ይሆናል፡፡ የደመወዝ ትዳር ሙሉ ጥበቃው ይህችው ናት፡፡ ከዚህ የዘለለ ክብር ነበረው የሚለንን ሰው አናምነውም፡፡

ምክንያቱም ማን ነበረች በደመወዝ የምትገባው? ርስቷ ሰፊ፣ ወንድሞቿ በአቅራቢያ ያሉ ልጃገረድ አይደለችም፡፡ እርሷ በሰማንያ ትዳራለች፣ ጥሎሽ ይመጣላታል፡፡ በደመወዝ የምትገባው የተፈታች፣ ባል የሞተባት፣ ከዘመድ የራቀች፣ ወይም የቤቷ እህል ያለቀባት ናት፡፡ ጋለሞታ የሚለው ቃል ዛሬ ስድብ ሆኗል፤ ዱሮ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ባል የሌላት ሴት ማለት ነበር፡፡ ባል ማጣት እንዴት ወደ ስድብ እንደ ተንሸራተተ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፡፡ የድርድሩም ሚዛን እዚሁ ላይ ነው፡፡ ዘመድ በቅርብ ያላት ሴት ዋስ አላት፣ ዋስ ያላት ሴት ዋጋ ትጠራለች፡፡ ዘመድ የሌላት የተጠራላትን ትቀበላለች፡፡ ከመልክም፣ ከሙያም፣ ከዕድሜም በላይ ዋጋውን የሚወስነው ሴቲቱ ከወገኗ የራቀችበት መንገድ ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም፡፡

አሁን ይህን ይዘን ወደ ደብረ ታቦር እንግባ፡፡ ከተማችን በታሪክ መጽሐፍ የነገሥታት መናገሻ ተብላ ትጠቀሳለች፣ እኛም እንኮራባታለን፡፡ እውነቱን እንናገር ካልን ግን ከተማ ከመሆኗ በፊት ሰፈር ነበረች፣ የጦር ሰፈር፡፡ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ ቆረቆራት፡፡ ከእርሱ በኋላ ትንሹ ራስ አሊ እስከ 1845 ዓ.ም. የአይሻል ጦርነት ድረስ ተቀመጠባት፡፡ በየካቲት 1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ አጠገብ ከአሊ ጋር ተዋጋ፣ አሸነፈም፤ ድሉን ሲያከብር ግን ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ያዘው፡፡ (እንዲህ ዓይነት ታሪክ በፊልም ብናየው «ተጋነነ» እንል ነበር፡፡) ደብረ ታቦር እንግዲህ የምትሞላውም የምትጎድለውም በሠራዊት ነበር፡፡

የዚያ ዘመን ሠራዊት ደግሞ ብቻውን አይጓዝም፡፡ ስንቅ የሚያዘጋጅ የመንግሥት ክፍል የለም፡፡ እህሉን የሚፈጭ፣ ጠጁን የሚሸከም፣ ድንኳኑን የሚያሞቅ ብዙ የሴት ሠራዊት ይከተለዋል፡፡ ሚስቱን አገሩ የተወ ወታደር ሰፈሩ ላይ ሌላ ቤት ያቋቁማል፡፡ ለእንዲህ ያለው ሰው ደመወዝ የተሰፋለት ልብስ ነው፤ ዘመቻው እስኪያልቅ፣ ክረምቱ እስኪወጣ፡፡ ችግሩ ሰፈር ይነሣል፡፡ ጌታው በማለዳ ነጋሪት ካስጎሰመ ምሽት ላይ ወታደሩ ጋይንት ነው፡፡ ትናንት «በዚህ ያህል፣ እስከዚህ ቀን» ሲባል የሰሙት ምስክሮችም የእርሱ ጓደኞች ናቸውና አብረውት ሄደዋል፡፡ ሴቲቱ ብትከተል ከወገኗ የባሰ ትርቃለች፣ ብትቀር ደመወዟ ሄዷል፡፡ በገጠር መንደር ጥበቃ የነበረው ውል በሰፈር ላይ ልብሱ ብቻ ቀረ፡፡

ነጋዴው ትንሽ ይሻላል፡፡ ከጣና ምሥራቅ ያሉት ይፋግና ደሪጣ በዚያ ዘመን ከምጽዋ ወደ ጎጃም የሚወርደው የንግድ መንገድ የታወቁ ገበያዎች ነበሩ፡፡ ክረምት ሲገባ ተከዜም ዓባይም አያሻግሩም፡፡ ቅፍለት ባለበት ይከርማል፡፡ ነጋዴ ግን ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ገበያ ላይ አሞሌውን ዘርግቶ ይቀመጣል፡፡ ስሙ ከጠፋ ማን ያሳድረዋል? ማን ዕቃ ያስቀምጥለታል? ለነጋዴው ዋሱ ገበያው ራሱ ነበር፡፡

አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ይህን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ሊያጠሩት ሞከሩ፡፡ ክርስቲያን አንድ ሚስት ይበቃዋል፣ ቅምጥ ይቅር አሉ፡፡ ራሳቸው ከተዋበች ጋር በቁርባን ጸንተው ስለነበር አፋቸውን ሞልተው መናገር ይችሉ ነበር፡፡ ተዋበች ከሞተች በኋላ ግን ጥሩወርቅን አግብተው ሳለ የየጁዋ እተመኙ አብራቸው ኖረች፡፡ ንጉሡን ለመክሰስ አይደለም፡፡ የጦር ሰፈር ሕይወት ከአዋጅ የበረታ መሆኑን ለማሳየት ነው፡፡ በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲወጡም የሴቶቹ ሠራዊት ከኋላ ነበር፡፡

የደመወዝን ነገር በደንብ የጻፉት ግን የእኛ አገር ሰዎች አይደሉም፡፡ ጣሊያኖች ናቸው፣ ያውም ስለ ኤርትራ ደጋ፡፡ ስለዚህ ለጥቂት አንቀጽ ወደ አስመራ ብንሻገር አትቀየሙን፡፡ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው የኤርትራ የልማድ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ደመወዝ ከጋብቻ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል፡፡ ጣሊያኖቹ ይህን ሲያነቡ ደስ አላቸው፡፡ መኮንኑም፣ ጸሐፊውም፣ ነጋዴውም የአገሬውን ሴት ቤቱ አስገብቶ «በአገሩ ባህል ነው» ማለት ጀመረ፡፡ ሴቲቱ ማዳማ ተባለች፣ ኑሮው ማዳማቶ፡፡ ከውሉ ውስጥ ክፍያውንና ጊዜውን ወሰዱ፡፡ የተዉት ምን እንደሆነ ታሪክ አጥኚዋ ጁሊያ ባሬራ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ጥናት ዘርዝራዋለች፤ በደጋው ልማድ አባት ልጁን መቀበል ግዴታው ነበር፣ ለብዙው ጣሊያን ግን ይህ ግዴታ አልታየውም፡፡ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ቀሩ፡፡ ዋሱ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ሕግ የሚዳኝ ሰው ላይ ምን ማድረግ ይችላል?

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፡፡ ፋሺስቶች ኢትዮጵያን ከያዙ በኋላ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1937 ባወጡት ሕግ ከአገሬው ሰው ጋር «የጋብቻ ዓይነት ግንኙነት» ያደረገ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲቀጣ ደነገጉ፡፡ ገንዘብ ከፍሎ ለአንድ ሌሊት ማደር ግን ወንጀል አልነበረም፡፡ ፍርድ ቤቶቹ ታዲያ ሥራቸው ምን ሆነ? በሰውየውና በሴቲቱ መካከል ፍቅር ነበረ ወይ ብሎ መመርመር፡፡ አብረው በልተዋል? አንድ አልጋ ላይ ዘወትር አድረዋል? ስጦታ ሰጥቷታል? ለተከሳሹ ከሁሉ የሚሻለው መልስ «ከፍዬ ነው፣ ሌላ ነገር የለም» ማለት ነበር፡፡ በዓለም ላይ ስንት ዓይነት ሕግ ወጥቷል፤ ዋጋን አጽድቆ ደግነትን ያሰረ ግን ከዚህ ሌላ ብዙ አናውቅም፡፡ የእኛም ከተማ እስከ 1933 ዓ.ም. ክረምት ድረስ በዚሁ ሕግ ሥር ነበረች፡፡

ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለዚህ ሙያ ታሪክ በጻፈው ጽሑፍ ከተሞችና የጣሊያን ወረራ ነገሩን እንዴት እንዳሰፉት ያሳያል፡፡ ከወረራው በኋላ በቡና ቤትና በጠጅ ቤት የምትኖረው ሴት ሴተኛ አዳሪ የሚል ስም አገኘች፡፡ ቃሉን ደጋግመን ስናየው ነውር የለበትም፤ ሴት ሆና ለብቻዋ የምታድር ማለት ነው፡፡ ደርግ ዘመን ላይ ቻይናዎች የሠሩት የወረታ – ወልድያ መንገድ በከተማችን ሲያልፍ ሾፌሩም ረዳቱም አዳሪ ፈለጉ፣ ጊዜውም አጠረ፡፡ ቅድም ዓመትና ወር የነበረው አሁን «ሾርት» እና «አዳር» ሆነ፡፡ ሽማግሌው ቀረና ደላላ ተተካ፡፡ ሽማግሌው ኮሚሽን አይቀበልም ነበር፤ ደላላው ሳይቀበል አያገናኝም፣ ነገ ሲካካዱ ደግሞ «እኔ አላየሁም» ይላል፡፡ ክፍያውም ወደ ፊት ዞረ፡፡ ዋስ በሌለበት ማንም ቀድሞ አይሰጥም፤ «መጀመሪያ ቁጭ አድርግ» የሚለው የዘመኑ ደንብ ከስግብግብነት የመጣ አይደለም፡፡

እስካሁን ከፋዩ ወንድ፣ ተከፋይዋ ሴት ናት፡፡ «ወንዱስ?» ብሎ የጠየቀን ጓደኛችን አለ፣ ትክክል ነው፡፡ በደጋው ልማድ ሴት እንደ ወንድሟ ርስት ትወርሳለች፡፡ ሞፈር ግን አትጨብጥም፡፡ ርስት ያላት ባል አልባ ሴት ለወንድ ክንድ መክፈል አለባት፣ ብዙ ጊዜም በእኩል አራሽ፤ መሬቱ የእርሷ፣ በሬና ጉልበቱ የእርሱ፣ ምርቱ ለሁለት፡፡ አራሹ ከእርሻው አልፎ ቤት ሲገባስ? ያኔ ጎረቤት «ባሏ ሆነ» ይላል፡፡ በሴት ርስት የተቀመጠ ወንድ ይታማል፣ ይቀለድበታል፣ ግን የጭን አሽከር የሚል ስም አልወጣለትም፡፡ አብሮ ማደሩ ለእርሱ ትዳር ተባለ፣ ለእርሷ ብጤ ደግሞ ደመወዝ፡፡ ቋንቋችን ወንድ ራሱን ሊሸጥ ይችላል ብሎ አላሰበም፡፡

ሌሎች አስበዋል፡፡ አቴና ላይ ገላቸውን ከሚሸጡ ሁሉ፣ ወንዶቹም ጭምር፣ በየዓመቱ ግብር ይሰበሰብ ነበር፡፡ ዋጋው ለከተማዋ ንጹሕ ነው ማለት ነው፡፡ ራሱን የሸጠ ዜጋ ግን በጉባኤ ቆሞ የመናገር መብት አልነበረውም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ346/345 ዓመት ጢማርኮስ የተባለ ፖለቲከኛ በዚሁ ተከሶ ተረታ፡፡ ከሳሹ አይስኪኔስ በንግግሩ ውስጥ አንድ ምሳሌ ያቀርባል፡፡ ደንበኛና ተከፋይ በጽሑፍ ተዋውለው አንዱ ቢያፈርስ፣ ሌላው ፍርድ ቤት ቢሄድ ምን ይሆናል? ሰው ሁሉ ይጮኽበታል ይላል፡፡ ውል አለ፣ ዋጋ አለ፣ ግብር አለ፤ የሚሰማ ግን የለም፡፡

አዲስ አበባም ዛሬ ጊዜያቸውንና ገላቸውን የሚሸጡ ወንዶች አሏት፡፡ ድርድሩ በስልክ ነው፤ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ማን ታክሲ ይከፍላል፣ ግማሹ ቀድሞ ይላካል ወይ፡፡ ዝርዝሩ ከአያቶቻችን ዝርዝር ብዙም አይርቅም፡፡ የሚርቀው አድማጩ ነው፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1716 ለሕግ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ውል ውጤት የለውም ይላል፡፡ ስለዚህ የተካደ ዋጋን ወንድም ሆነ ሴት ዳኛ ፊት አይጠይቁም፡፡ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ገላን መሸጥ በራሱ የወንጀል አንቀጽ አልወጣለትም፣ በሌላው ሰው ገላ መነገድ ነው የሚያስቀጣው፡፡ ደንበኛው ወንድ ከሆነ ግን አንቀጽ 629 አለ፤ የተደበደበውም፣ የተዘረፈውም፣ ያልተከፈለውም ወጣት ጣቢያ ሄዶ አቤት ሲል መጀመሪያ የሚመዘገበው የራሱ ወንጀል ነው፡፡ ይህን የሚያውቅ ደንበኛ ከተስማሙበት በታች ከፍሎ ቢሄድ ማን ይከተለዋል? ስለ ግብረ ሰዶም ያላችሁ አቋም ምንም ይሁን፣ ይህችን ስሌት ብቻ ለብቻዋ እዩልን፡፡ በሰፈር የቀረችው ሴት ስሌት ናት፡፡

በደመወዝ የምትኖረዋ ሴት ጉዳይስ የት ደረሰ? የ1952ቱ ሕግ ጋብቻን በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል ብሎ ሦስት ሲያደርግ ደመወዝን በስሙ አልጠራውም፡፡ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ለሚኖሩ ሰዎች አብረው ያፈሩት የጋራ እንዲሆን ፈቅዷል፣ ኑሮው ሦስት ዓመት ከሞላው፡፡ በዓመት ውል ለገባች ሴት ሦስት ዓመት ሩቅ ነው፡፡

ሴቲቱ «እሺ፣ ሚስት አይደለሁም፣ ሠራተኛ ነኝ፣ ደመወዜን» ብትልስ? ስለ ደመወዝ የሚናገረው ዋናው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፡፡ አንቀጽ 3 ላይ አዋጁ የማይመለከታቸውን ይዘረዝራል፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር እዚያ ውስጥ ነው፡፡ ስለዚህ ዛሬ በየቤቱ የምትፈጨው፣ የምትቀዳው፣ የምትጋግረው ልጅ፣ ሌሊቷ ተከብሮላትም ሆነ ሳይከበርላት፣ የወር ደመወዟን የተነጋገረችው በደላላ ፊት ነው፣ ደላላውም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል፡፡